ምስጥ የሚያሳጥረው ቤት

እውነቱን ልናገርና ታሪክ የሚባል ነገር አልወድም ነበር። ተማሪ ሳለሁ የታሪክ ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ከኋላ ተቀምጬ ጭኔ ላይ ልብ ወለድ ዘርግቼ አነባለሁ። አስተማሪ ከሆንኩ በኋላም የታሪክ መምህራኑ በማረፊያ ክፍሉ ውስጥ የሞተ ንጉሥ አንስተው ሲከራከሩ የሻይ ብርጭቆዬን ይዤ ውልቅ ነው። እኔ የዛሬ ሰው ነኝ ባይ ነበርኩ። የመጀመሪያው ልብ ወለዴ ስለ አዲስ አበባ የቢሮ ታይፒስቶች ነው፤ ምሳቸውን ስለሚካፈሉ፣ ስለሚቀናኑ፣ ታርቀው እንደገና ስለሚኳረፉ ሴቶች። ለዚያ መጽሐፍ ያደረግሁት ጥናት ቢኖር አውቶቡስ ውስጥ ጆሮዬን መጣል ብቻ ነው።

ሁለተኛውን የጻፍኩት በደርግ ጊዜ፣ አርባ ምንጭ አማርኛ ለማስተማር ተመድቤ፣ ሴቻ ላይ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። በቀበሌ ሱቅ ደጃፍ ስኳር ለመግዛት ተሰልፈው ስለሚያወሩ ሴቶች ነበር። ረቂቁ አዲስ አበባ ሳንሱር ደርሶ ሲመለስ ቀይ እርሳስ ያልነካው ገጽ አልነበረውም። ሰልፉ ወጥቷል፤ ስኳሩ ወጥቷል፤ ሴቶቹ ቀርተዋል፣ ግን የሚያወሩት ነገር የላቸውም። እኔ ደግሞ ብስጭት መደበቅ አልችልበትም። ያን ሰሞን ተማሪ ጥያቄ ሲጠይቀኝ እንኳ የምመልሰው በቁጣ ነበር።

በትምህርት ቤቱ አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ ከዶርዜ፣ ከሸማኔ ቤት የወጣ፣ እርጋታው ሰው የሚያናድድ። የምናስተምርባቸው ክፍሎች ጎን ለጎን ስለሆኑ ቁጣዬን በግድግዳው በኩል ሲሰማ ሰንብቷል መሰለኝ፣ አንድ ቀን በዕረፍት ሰዓት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«ስለ ድሮ ለምን አትጽፊም?» አለኝ። «ድሮን የሚቆጣ የለም።»

«የትኛውን ድሮ?»

«ጨንቻ የጠቅላይ ግዛቱ ዋና ከተማ የነበረችበትን። ገዢው፣ ፍርድ ቤቱ፣ ጸሐፊው ሁሉ ላይ፣ ተራራው ላይ ነበር። ያኔ አንቺ አሁን የተቀመጥሽበት ቦታ የሚቀመጠው ጅብ ነበር።»

ሐሳቡ ገባኝ። ክፍሌ እንደገባሁ ታሪኩም መጣልኝ። በገዢው ቢሮ የሚሠራ ወጣት ጸሐፊ አንዲት የዶርዜ ልጅ ይወዳል፤ ልጅቱ ግን ለሌላ ትዳራለች። የሠርጓ ቀን ከሩቅ ቆሞ ሲያያት፣ በዝቅተኛው የቀርከሃ ቤት በር ለመግባት ጎንበስ ትላለች፤ ነጠላዋ ከራሷ ላይ ይንሸራተታል፣ አንገቷ ይታያል፣ እሱም ያቺን አንገት ዕድሜውን ሙሉ አይረሳትም። ጎንበስ ማለቷን ወደድኩት። ምዕራፉ በሙሉ በእሱ ላይ ነው የቆመው። የቀረኝ አንድ የዶርዜ ቤት ገብቼ ዙሪያውን ማየት ብቻ ነበርና፣ አንዲት ቅዳሜ ትበቃኛለች ብዬ አሰብኩ።

መምህሩ እናቱ ቤት ሊወስደኝ ተስማማ። ከታችኛው ከተማ ከሲቀላ በጭነት መኪና ጋቢና ውስጥ ተጣበን ወጣን። ታች ሳለን ሸሚዜ በላብ ከጀርባዬ ተጣብቆ ነበር፤ ላይ ስንደርስ ጉም ወርዶ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

እናቱ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጀርባቸው ትንሽ የጎበጠ ሴት ናቸው። ባላቸው ሸማኔ ነበሩ፤ ከሞቱ ቆይተዋል። እሳቸው ጥጥ ይፈትላሉ፤ እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ቤታቸው በእንሰቱ መሀል ቁጭ ያለ፣ ግራጫ፣ ዝቅ ያለ ነው። ከፊቱ ወጣ ያለ አፍንጫ አለው፣ ከአፍንጫው በላይ ደግሞ ጭስ የሚወጣባቸው ሁለት ቀዳዳዎች። ጎንበስ ብዬ ስገባ በሩ ግንባሬን መታኝና ደስ አለኝ። ምዕራፌ ልክ ነው ማለት ነዋ።

ቆጮ በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ፣ ቀረበልን። የእናትየው አማርኛ ገበያ ላይ የተማሩት ነው፤ ሲቸኩሉ እኔን ወንድ ያደርጉኛል። ለምን እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ ስለ መጽሐፉ ነገርኳቸው። ሙሽራይቱ ጎንበስ ብላ የምትገባበት ቦታ ላይ ስደርስ እንዝርቱ ቆመ።

«ሙሽራ?» አሉ። «አዲስ ቤት?»

«አዎ፣ አዲስ።»

እስኪበቃቸው ሳቁ። ልጃቸው ፊቱን ወደ እሳቱ አዞረ፤ እሱም ይስቅ ነበር።

«አዲስ ቤት ማን ጎንበስ ይላል? እኔ ስገባ በሩ እዚህ ነበር» ብለው ተነሡና እጃቸውን ከራሳቸው በላይ ዘረጉ፤ የጎበጠው ጀርባቸው ቀና አለ። «ባሌ ረጅም ነው። ቆሞ ገባ። እኔ ቆሜ ገባሁ። ከላይ ደግሞ ገና ብዙ ቤት አለ።»

ከዚያ ልጃቸው እያገዛቸው አስረዱኝ። ቤቱ ሲሠራ የዛፍ ቁመት አለው። ምስጥ ከሥር ይበላዋል። የተበላውን ቆርጠው ይጥሉና ቤቱን ዝቅ ያደርጉታል፤ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ምስጡ እንደገና ይመጣል። እንዲህ እንዲህ እያለ ቤቱ ከባለቤቶቹ ጋር ያጥራል። የቤት ዕድሜ የሚታወቀው በቁመቱ ነው። ጎንበስ ብላ ቤቷ የምትገባ ሴት ብታዪ አያት ናት፤ ሙሽራ ልትሆን አትችልም።

ምዕራፌ ዓይኔ እያየ ፈረሰ። መናደድ ነበረብኝ፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ቆጮውን ትቼ በወጣሁ። ግን የሆነ ነገር ያዘኝ። በሩ ከፍ ሲል ሌላውም ነገር ሁሉ አብሮት ተቀየረ። እንግዲያው ውስጡ ጨለማ ነበር? ጭሱ እስከዚያ ድረስ ወጥቶ ቀዳዳውን እንዴት ያገኘዋል? ዝናብ ሲዘንብ ይሰማል? የገቡ ቀን መጀመሪያ ያዩት ምንድን ነው? ጥያቄውን አከታተልኩባቸው። የመጨረሻውን ስጠይቃቸው ቀና ብለው ጣሪያውን አዩ።

«ፈራሁ» አሉ። «ወደ ላይ አየሁ፣ ማለቂያ የለውም። የእናቴ ቤት አጭር ነበር፣ እጄ ይደርሳል። እዚህ አይደርስም። ይሄን ሁሉ ቤት ማን ይሞላል ብዬ አለቀስኩ።»

ይህን እኔ ዓመት ቁጭ ብዬ ባስብ አላመጣውም ነበር። ጸሐፊው ልጅ ከነምኞቱ ወደ ዳር ወጣ፤ መጽሐፉ የሙሽራይቱ ሆነ። ስንመለስ ጋቢናው ውስጥ ብቻዬን ፈገግ ስል መምህሩ አየኝና፣ «ምዕራፍሽ ፈርሶ የለም እንዴ?» አለኝ።

«ይፍረስ!» አልኩት።

ከዚያ በኋላ ለሰው የማልመች ሆንኩ። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ወደ ላይ ነኝ። ያኔ ያለ መሸኛ ወረቀት መንቀሳቀስ ያስቸግር ነበርና፣ የቀበሌው ሰው «ደግሞ ወዴት?» ሲለኝ «የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ልጎበኝ» እለዋለሁ። እግረ መንገዴንም እጎበኝ ነበር። የማይረባ ነገር ማወቅ እንዲህ ደስ እንደሚል ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ከጨንቻ ወደ ሐይቁ የሚወርድ ሰው ጋቢውን የት ላይ ሲደርስ ያወልቃል? በክረምት ጭቃ የገዢው በቅሎ በየት በኩል ታልፋለች? የሸማኔ እግር ጉድጓድ ውስጥ ስለሚውል ይበርደዋል ወይ? አንዲት መልስ ለማግኘት ግማሽ ቀን አቀበት እወጣለሁ። ያገኘኋት መልስ መጽሐፉ ውስጥ ግማሽ መስመር ብትይዝልኝ ነው፤ ቢሆንም ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዤ ቆሜ ድንገት ትዝ ስትለኝ ልቤ ይሞቃል።

ለጸሐፊዬ ከቢሮው መስኮት አባያ ሐይቅ ቁልጭ ብሎ እንዲታየው አድርጌ ነበር። ይህንንም ላረጋግጥ ብዬ ጨንቻ፣ የድሮው የገዢ ግቢ ደረጃ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩ። ጉሙ ቀኑን ሙሉ አልተገለጠም፤ ከፊቴ ካለው አጥር ወዲያ ምንም አላየሁም። ጣቴ ደንዝዞ ተነሣሁና ከጸሐፊዬ ላይ ሐይቁን ነጠቅኩት። ድሮ ገጸ ባሕርያቴን የፈለግሁትን አስብዬ፣ የፈለግሁትን አሳይቼ ዝም አሰኛቸው ነበር። አሁን የሚያስደስተኝ ሰውም ሆነ ተራራ «የለም፣ እንዲያ አልነበረም» ብሎ እምቢ ሲለኝ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ እናትየው እንደ ዋዛ «ቤቱ ታች ምንጩ ጋ ሳለ» አሉ።

«የትኛው ቤት?»

«ይሄ።»

«ይሄ ቤት ታች ነበር?»

«ታች እርጥብ ነው፣ ምስጡ በዛ። ጎረቤት መጣ፣ ተሸከመው፣ እዚህ አመጣ።» ወንበር አዛወርን የሚሉ ነበር የሚመስሉት።

ከተሸከሙት ሰዎች መካከል በሕይወት ያሉትን ነገሩኝና በገበያ ቀን ወደ ዱቡሻው ይዘውኝ ሄዱ። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ተሰብስበው የአገር ጉዳይ የሚያዩበት ሣር ሜዳ ነው። አንዱ ሠላሳ ሰው ነበርን አሉ፤ ሌላው ስልሳ ብለው ተቆጡ። ከፊት በኩል ማን አነሣ በሚለው ላይ ሊጣሉ ምንም አልቀራቸውም። አንድ ዓይናቸው የጠፋ አጭር ሽማግሌ በመጨረሻ ትዕግሥታቸው አለቀና «ተነሡ፣ እናሳያት» አሉ። ተነሡ። በትራቸውን፣ የኔንም ጃንጥላ ጨምረው፣ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ክብ ሠሩ። ባለ አንድ ዓይኑ ጥሪ አወጡ፣ ሌሎቹ ተቀበሉ፣ የሌለ ቤት ተሸክመው ሜዳውን ዞሩት። ገበያተኛው ሸክሙን አውርዶ ያያል። እናትየው እየሳቁ ክቡ መሀል ገብተው አብረዋቸው መራመድ ጀመሩ።

«እኔ እዚህ ነበርኩ!» ብለው ጮኹልኝ። «ቤቴ ሲሄድ እኔ ውጭ ልቆም?»

እንደዚያን ቀን ተደስቼ አላውቅም። ጃንጥላዬ ተሰብሮ ነው የተመለሰልኝ።

የመንደር ምሥረታው ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ክረምት በኋላ ነው። በየእንሰቱ መሀል ተበታትኖ ያለው ቤት ፈርሶ፣ መንገዱ ዳር በገመድ በተለካ መስመር ላይ አዲስ ይሠራል ተባለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር እዚያው የተወለደ ወጣት ነበር፤ ካኪውን ለብሶ ገመዱን ራሱ ይጎትታል። መጀመሪያ አፍርሱ ከተባሉት አንዷ የመምህሩ እናት ሆኑ።

ቅዳሜ ስንደርስ እንዝርታቸው መሬት ላይ ወድቋል። እሳቱ አጠገብ ተቀምጠው ግድግዳውን ያያሉ።

«አዲስ ቤት ይሠራልዎታል እኮ» አልኳቸው።

«አዲስ ቤት ረጅም ነው» አሉ። «እሱ አጥሮ እኔ ጋ እስኪደርስ እኔ የለሁም። የማላውቀው ቤት ውስጥ ልሙት?»

ከዚህ ሌላ የጠየቁት ነገር የለም። የቀረቻቸውን ዕድሜ ከቤታቸው ጋር መጨረስ ነበር የፈለጉት። ልጃቸው ብድግ ብሎ ወጣና እንሰቱ መሀል ቆመ፤ ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። የመንግሥት ደመወዝተኛ ነው፤ ትእዛዝ ልቃወም ቢል የሚደርስበትን ሁላችንም እናውቃለን። እኔም ፈራሁ። ያኔ የማይፈራ ሰው አላውቅም። ያን ሁሉ ጥያቄዬንም ጠላሁት። የቤቱን ቁመት ለማወቅ ስንት ቅዳሜ ወጥቼ ወርጄ፣ ቤቱ ሊፈርስ ሲል የማደርግለት ነገር የለኝም።

እዚያው አደርን፤ በማግስቱ ባለ አንድ ዓይኑ ሽማግሌ ጓደኞቻቸውን ይዘው መጡ። ቤቱን ዙሪያውን በመዳፋቸው እየመቱ አዳመጡት፣ ከሥሩ እየቆነጠሩ አዩት፣ በጋሞኛ ተነጋገሩ። ዱቡሻው ላይ ካሳዩኝ ቀን ወዲህ ነገሩ ከአፋቸው አልወጣም ኖሯል። በተገናኙ ቁጥር ማን የት ቆሞ እንደነበር ሲጨቃጨቁ ከርመው፣ የመሸከሚያው አግዳሚ በየት እንደሚገባ፣ ዳገቱ ላይ ማን እንደሚያዝ ሁሉ ተስማምተው ጨርሰዋል። ከዚያ ተያይዘን ወደ ሊቀመንበሩ ሄድን።

«ትእዛዙ ቤቱ መስመር ላይ ይሁን ነው አይደል?» አሉት ሽማግሌው።

«አዎ፣ አባባ።»

«እናመጣዋለን።»

«ምኑን?»

«ቤቱን።»

ሊቀመንበሩ መምህሩን አየ፣ እኔን አየ። «ዕቅዱ ላይ ያለው ቤት አራት ማዕዘን ነው፣ ጓዲት» አለኝ፣ ጥፋቱ የኔ ይመስል። «ይሄ አይደለም።»

«አንተ መስመሩን ጠብቅ፣ ማዕዘኑን ተወው» አሉት ሽማግሌው። «ደግሞ ያኔ ከፊት ያነሣው አያትህ ነው። እነዚህ ሌላ ሰው ነው ቢሉህ አትስማ።»

ወጣቱ ቆቡን አውልቆ ራሱን አከከ። «መንገድ ላይ ከተሰበረ ይፈርሳል» አለ። «ካልተሰበረ መስመር ላይ ያለ ቤት ነው። እኔ ምን እላለሁ?»

ቤቱ እንደማይሰበር ማንም እርግጠኛ አልነበረም። ከሥር ምስጥ የጨረሰው ነው፤ ከላይም ቀርከሃው ደርቋል። ከውስጥ በአዲስ ቀርከሃ ዙሪያውን አጥብቀው አሠሩት፣ አግዳሚዎቹን አስገቡ። ወጣቶቹ ተሸካሚ፣ ሽማግሌዎቹ አዛዥ ሆኑ። እናትየው ፍማቸውን በሸክላ ይዘው ውስጥ ገቡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ሳመነታ እጄን ጎተቱኝ።

«ና! ትጽፍ የለ?»

ከውጭ ጥሪው ተሰማ፣ ወጣቶቹ ተቀበሉ። የቤቱ ሥር ከመሬት ሲላቀቅ በዙሪያችን ብርሃን ገባ። ከግድግዳው በታች የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው፤ ባዶ እግር፣ በረባሶ፣ አንድ የካኪ ሱሪ። ቤቱ ሄደ፣ እኛም መሀሉ ሆነን አብረነው ሄድን። መጀመሪያ የምድጃው አመድ፣ ቀጥሎ የወደቀ የእንሰት ቅጠል፣ ከዚያ ሣር ከእግራችን ሥር አለፈ። ዳገቱ ላይ ከላይ አንድ ነገር ቀጭ አለ። ሁሉም ባለበት ቆመ፤ የሰዎቹን ትንፋሽ እሰማለሁ። እናትየው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ አሳርፈው በጋሞኛ ዝግ ብለው አናገሩት። ምን እንዳሉት አልጠየቅኳቸውም። ጥሪው እንደገና ተነሣና መራመድ ጀመርን።

ቤቱ ሳይሰበር መስመሩ ላይ አረፈ። ሥሩ ግን ተፈረካክሶ ነበር፤ የተበላሸውን ሲቆርጡት ክንድ ያህል አጠረ፣ በሩም ወገብ ላይ ቀረ። ሊቀመንበሩ በኋላ ሊመዘግብ ሲመጣ ካኪውን ሰብስቦ ተንበርክኮ ነው የገባው። እናትየው ቆጮ አቀረቡለትና፣ ተንበርክኮ ወጥቶ እስኪርቅ ጠብቀው በሳቅ ፈነዱ። ከዚያ እንዝርታቸውን አነሡ።

«አሁን ልኬ ነው» አሉኝ። «መጽሐፉ ላይ ግን ቆሜ ልግባ። እሺ? ጎንበስ እንዳታደርገኝ።»

«እሺ» አልኳቸው።

መጽሐፉን የጀመርኩት በዚያው ነው፤ አንዲት ሙሽራ ቀጥ ብላ አዲስ ቤት ትገባለች፣ ወደ ላይ ታያለች፣ ማን ይሞላዋል ብላ ታለቅሳለች። ረቂቁ አዲስ አበባ ሄዶ ብዙ ከቆየ በኋላ ተመልሶ መጣ። አንድም ቀይ መስመር አላረፈበትም። ቅዳሜ ወጥቼ ልነግራቸው፣ የመጀመሪያውንም ገጽ ላነብላቸው ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልዬ አዘጋጀሁ። ዓርብ ጠዋት መምህሩ ሴቻ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። ነጠላውን አዘቅዝቆ መልበሱን ሳይ ገባኝ።

ባገኘነው የጭነት መኪና ጋቢና ወጣን። እናትየው በቤታቸው፣ እሳታቸው አጠገብ ነው ያረፉት። ተገንዘው ቃሬዛ ላይ ከተደረጉ በኋላ ግን ሰዉ ግራ ገባው። በዚያ በር ለመውጣት ቃሬዛውን መሬት ለመሬት መጎተት ያስፈልጋል። ልጃቸው «እናቴ አትጎተትም» አለ። አንድ ሰው ግድግዳው ይቀደድ አለ። ባለ አንድ ዓይኑ ሽማግሌ ማንንም አልሰሙም። ወደ ቤቱ ተጠግተው በትራቸውን ጣሉና ሁለት እጃቸውን ከሥሩ አስገቡ።

ወጣቶቹ ወዲያው ገባቸው። ዙሪያውን ከበቡት፤ ሊቀመንበሩም ቆቡን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ከፊት በኩል ገባ። ሽማግሌው ጥሪውን ዝግ አድርገው አወጡ፣ ሰዎቹም ዝግ አድርገው ተቀበሉ፣ ቤቱን ከአስከሬኑ በላይ አንስተው ክንዳቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያዙት። ውስጡ ብርሃን ሞላ። ምድጃው፣ እንዝርቱ፣ እኔ የምቀመጥበት በርጩማ ሁሉ ታየ። ልጃቸውና ሦስት ሰዎች ቀጥ ብለው ገቡ፣ ቃሬዛውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ፣ ቀጥ ብለው ወጡ። ጎንበስ ያለ ሰው አልነበረም።

በአጠገቤ ሲያልፍ ልጃቸው «አየሽ?» አለኝ።

«አየሁ» አልኩት እያለቀስኩ።

ሰዎቹ ቤቱን ቀስ ብለው ቦታው መለሱት። ከዚያ እኛም ቃሬዛውን ተከትለን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄድን።